የጉበት ትል፣ ካንሰር አምጪ ኬሚካልና ጥሬ አሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥገኛ ትልና ስለ ጉበት ካንሰር በተነሳ ቁጥር የሚመጡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው ደርድሬያቸዋለሁ።

ትል ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ግን ሁሉም ትል አይደለም። ወስፋትም ኮሶም መንጠቆ ትልም ያስቸግራሉ፣ ያከሳሉ፣ ካንሰር በማምጣት ግን አይታወቁም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሚባል ሊዮን ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ተቋም አለው። ይህ ተቋም ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠ ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ ያስገባቸው ትሎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ከጥሬ አሳ የሚመጡ የጉበት ትሎች ናቸው፤ ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒና ክሎኖርኪስ ሳይነንሲስ ይባላሉ። ሦስተኛው የሽንት ፊኛ የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት ነው።

ትምባሆና አስቤስቶስም ያሉት እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ይሄ ማለት ግን እኩል አደገኛ ናቸው ማለት አይደለም። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ነው። ኦፒስቶርኪስ እዚያ የገባው በ1994 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ትሉ የት ነው የሚገኘው?

ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ትል ነው። ታይላንድ፣ ላኦስ፣ ካምቦዲያና ቬትናም ውስጥ አለ። ክሎኖርኪስ ደግሞ ቻይናና ኮሪያ ይበዛል። ምርምሩ በብዛት የተሠራው ግን ኢሳን በሚባለው የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሩዝ አምራች፣ ከሌላው የታይላንድ ክፍል ይልቅ ድሃ የሆነ አካባቢ ነው። እዚያ ያለችው ኮን ኬን የተባለች ክፍለ ሀገር በሐሞት ቱቦ ካንሰር ብዛት ከዓለም አንደኛ ሆና ተመዝግባለች። ሌላ አገር ያለ ዶክተር አልፎ አልፎ የሚያየው በሽታ እዚያ የጎረቤት ሞት ነው።

አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የጉበት ካንሰር ከራሱ ከጉበት ሴል የሚነሳው ነው። እሱን በብዛት የሚያመጡት የሄፓታይተስ ቫይረሶችና አልኮል ናቸው። የዚህ ትል ካንሰር የሚነሳው ጉበት ውስጥ ሐሞት ከሚያጓጉዙት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ነው። ቦታው ያው ጉበት ቢሆንም በሽታው ሌላ ነው።

ሰው ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

በጥሬ አሳ። ኢሳን ውስጥ ኮይ ፕላ የሚባል ምግብ አለ። ከኩሬ ወይ ከሩዝ ማሳ የተያዙ ጣት ጣት የሚያክሉ አሳዎች በቢላ ድቅቅ እስኪሉ ይከተፋሉ፣ ሎሚ ይጨመቅባቸዋል፣ ቃሪያና የተቆላ የሩዝ ዱቄት ይነሰነስባቸዋል፣ ቅጠላ ቅጠል ጣል ይደረግና በቃ፣ ቀረበ። እሳት አያየውም። የሚያጣብቅ ሩዝ በጣት እያድቦለቦሉ በሱ ይጠቅሱታል። ክትፎ ለሚበላ ሰው ነገሩ ብዙ አይገርመውም። ፍቅሩም ያው ነው፤ «ሲበስልማ ምን ጣዕም አለው» የሚለው ክርክርም ያው ነው።

ትሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ርዝመቱም አንድ ሳንቲሜትር ቢሞላ ነው። ሐሞት ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሽንት ቤት ከሌለ ዝናብ ጠርጎ ኩሬ ይከተዋል። እዚያ ትንሽዬ ቀንድ አውጣ ይውጠዋል። ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና አሳ ፈልጎ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል፣ ሥጋው ውስጥም በዓይን በማይታይ ከረጢት ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ያንን አሳ ጥሬውን የበላ ሰው አንጀት ሲደርስ ከከረጢቱ ይወጣል፣ ሐሞት በሚወርድበት ቀዳዳ ሽቅብ ይጓዛል፣ በወር ገደማ ያድጋል። ከዚያ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ድመትና ውሻም የተረፈውን አሳ ስለሚበሉ ትሉን ያኖሩታል።

የበዓል በግ ሲታረድ ጉበቱ ውስጥ የማየው ትል እሱ ነው?

አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ ነው። እኛ ቤት አንድ ፋሲካ ጉበት ሲከተፍ ቢላው ከነጩ ቱቦ ላይ ሲያርፍ ቅጠል የመሰለ ግራጫ ነገር ተጥመልምሎ ወጣ። እናቴ ሳትናገር ያንን ቁራጭ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ ዱለቱም በዚያ ዓመት አነስ አለ። ያ ፋሲዮላ ይባላል። ከብትና በግ ረግረግ ላይ ሲግጡ ከሳሩ የሚይዛቸው ነው። እኛ ዘንድ በቄራም በቤትም የተለመደ ነው። ሰውንም ይይዛል፤ ግን የሚይዘው በውሃ ዳር የበቀለ ቅጠል ጥሬውን ሲበላ እንጂ ትል ያለበት ጉበት ስለበላ አይደለም። ከካንሰር ጋርም እንደ ታይላንዱ ትል የሚያያይዘው ማስረጃ የለም።

ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ትል የነበረበትን ጉበት የበላ ሰው በማግስቱ ሰገራ ቢያስመረምር እንቁላሉ ሊታይበት ይችላል። እንቁላሉ ዝም ብሎ እያለፈ ነው፤ ሰውየው ምንም የለበትም። ስለዚህ ከመርመሪያው በፊት የበላችሁትን ንገሯቸው።

ሎሚ፣ ሚጥሚጣ ወይም አረቄ ትሉን አይገድለውም?

አይገድለውም። ሎሚ የአሳውን ሥጋ ስለሚያነጣው የበሰለ ይመስላል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል ግን ምንም አልሆነም። ሚጥሚጣው ምላስ ነው የሚያቃጥለው። አረቄም ላይ ላዩን ነው። የሚገድለው እሳት ነው፤ እሳት ካልሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ። የቤት ፍሪጅ ሁሉ ደግሞ እዚያ አይደርስም፣ በተለይ መብራት በሚሄድበት ሰፈር። ለወራት በጨው የሚብላላው የታይላንድ አሳ አደጋው በጣም ያነሰ ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ የሚቀመጠውን ግን አትመኑት።

ሐዋሳ ጥሬ አሳ በልቼ ነበር። ልፍራ?

ይሄን የማይጠይቅ የለም። አሞራ ገደል ሄዶ የተገፈፈውን ቆሮሶ በአዋዜ ጥሬውን ያልቀመሰ ስንቱ ነው? አጭሩ መልስ፦ ካንሰር የሚያመጣው የእስያው ትል እዚህ የለም። ትሉ ያለ ራሱ ዓይነት ቀንድ አውጣ አይራባም። የሚወዳቸው አሳዎችም የቆሮሶ ዘር አይደሉም፤ የቢልጫ ዘመዶች ናቸው። ጣና በቢልጫ ዘር የታወቀ ሐይቅ መሆኑን ሳስብ ያ ትል እዚህ ባለመኖሩ እንኳን አልኖረ እላለሁ።

ይሄ ማለት ግን ጥሬ አሳችን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አሳ የመረመሩ የኛው ተመራማሪዎች ክሊኖስቶመምና ኮንትራሲከም የሚባሉ ትሎች አግኝተዋል። የመጀመሪያው ሥጋው ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ መስሎ በዓይን ይታያል። ሰው ቢውጠው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያስቸግር ይችላል። ካንሰር አምጪ ተብለው ግን አልተመደቡም። እኔ? የተጠበሰውን ነው የምበላው።

ኬሚካሉስ? ናይትሮዛሚን ምንድን ነው?

የአንድ ኬሚካል ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። ናይትራይት የሚባለው ጨው ከአሚኖች ጋር ሲገናኝ ይፈጠራሉ። አሚን ደግሞ አሳና ሥጋ ውስጥ ሞልቷል። በጨው የደረቀ አሳ፣ በናይትራይት የቆየ ሥጋ፣ የትምባሆ ጭስ፣ እነዚህ ሁሉ ውስጥ በትንሽ በትንሹ አሉ። ታሪኩ የጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። ዳይሜቲልናይትሮዛሚን የሚባለውን በኢንዱስትሪ እንደ ማሟሚያ ሲጠቀሙበት ሠራተኞች ጉበታቸው ተጎዳ። ጆን ባርንስና ፒተር ማጊ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በጥቂቱ መገቧቸው። በ1956 ያወጡት ውጤት ብዙዎቹ አይጦች የጉበት ዕጢ እንዳወጡ የሚያሳይ ነበር።

ስሙ አዲስ ከመሰላችሁ ራኒቲዲንን አስታውሱ። ጨጓራ ያለበት ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞር የነበረው ኪኒን ነው። በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ ይነሳ ያለው ይሄው ዳይሜቲልናይትሮዛሚን ስለተገኘበት ነው።

ታዲያ ካንሰሩን የሚያመጣው ትሉ ነው ኬሚካሉ?

የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ይሄ ጥያቄ ነው። መልሱን ያሳየው ደግሞ በ1978 የታተመ የታይላንድ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ሀምስተር የምትባለውን ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ ወሰዱ። አንዱን ቡድን በትሉ ብቻ አስያዙት። ሌላውን ዳይሜቲልናይትሮዛሚን በትንሹ የተቀላቀለበት ውሃ ለ10 ሳምንት አጠጡት። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። ትሉን ብቻ ያገኙት ቱቧቸው ተቆጥቶ፣ ወፍሮ ተገኘ እንጂ ካንሰር አላወጡም። ኬሚካሉን ብቻ የጠጡትም እንዲሁ። ሁለቱ የተደረቡባቸው ግን የሐሞት ቱቦ ካንሰር አወጡ።

ኬሚካሉ የተመረጠው ሆን ተብሎ ካንሰር በማያመጣ መጠን ነበር። ይቺን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘላታል። ለብቻው ሲሰጥ ችግር የሌለው የሚመስል መጠን ትሉ ቀድሞ በገባበት ጉበት ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ስለዚህ «ትሉ ነው ወይስ ኬሚካሉ» ብሎ መጠየቅ ትንሽ «ክብሪቱ ነው ወይስ ቤንዚኑ» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

እኔ የጨው አሳም አልበላ፣ ሲጋራም አላጨስ። ኬሚካሉ ከየት ይመጣብኛል?

ከራሳችሁ ሰውነት። ምርምሩ ውስጥ እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ትሉ ቱቦው ውስጥ ሲኖር በመምጠጫው ግድግዳውን እየያዘ ይለቃል፣ ያቆስላል፣ ቆሻሻውንም እዚያው ይጥላል። ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ። መሣሪያቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ያመርታሉ፣ ይለቃሉ። ትሉ ግን አይሞትም። ያ ጋዝ አጠገቡ ካሉት አሚኖች ጋር ይገጥምና ናይትሮዛሚን እዚያው ቱቦው ዳር ይፈጠራል። ሰውነት ጠላትን ሊያቃጥል የለኮሰው እሳት የራሱን ቤት ያያይዘዋል። ያውም ለ10፣ ለ20 ዓመት።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ትሉ ያለባቸውን ሰዎች ሽንት ለክተው ናይትሮዛሚን እየተፈጠረ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ከጤነኛው በልጦ አግኝተውታል፤ ትሉን በኪኒን ሲያወጡት ወረደ። ሌላም አለ። ናይትሮዛሚን ዲኤንኤን የሚጎዳው ጉበት ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ከተቀየረ በኋላ ነው። ከነዚህ አንዱ ትሉ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከወትሮው በላይ ሲሠራ ታይቷል፤ እሱም ከሕክምና በኋላ ወረደ። ስለዚህ ትሉ ኬሚካሉ እንዲመረት ያደርጋል፣ የተመረተውንም የሚያነቃውን ማሽን ያፈጥነዋል።

ትሉ ራሱስ ከቁስሉ ሌላ የሚያደርገው ነገር አለ?

አለ። ግራኑሊን የሚባል ፕሮቲን ይረጫል። እኛም ሰውነታችን ውስጥ የሚመስለው አለን፤ ሥራው ሴሎች ተባዝተው ቁስል እንዲሞሉ ማዘዝ ነው። ትሉ የራሱን ግራኑሊን ሲረጭ የቱቦው ሴሎች ትእዛዙን ከቤት የመጣ መስሏቸው ይባዛሉ። ይህ በ2009 ታተመ። በ2019 ደግሞ ያንን ጂን ትሉ ላይ ቆርጠው አበላሹትና ሀምስተር ውስጥ አስገቡት፤ ትሉ ኖረ፣ የሚያመጣው ጉዳት ግን ቀለለ።

እስቲ አያይዙት። ዲኤንኤ የሚጎዳ ኬሚካል በአንድ በኩል፣ «ተባዙ፣ ተባዙ» የሚል ትእዛዝ በሌላ በኩል። ሴል ዲኤንኤው ሲጎዳ ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ ቶሎ እንዲባዛ ከተገፋ ስህተቱን ይዞ ይባዛል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ቶሎ ይታወቃል?

አይታወቅም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማው። ካንሰሩም ቱቦውን እስኪዘጋ ዝም ይላል። ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ኪሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሲደረስ ለቀዶ ሕክምና የሚመች ሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው ኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ አልትራሳውንድ ማሽን ጭኖ መንደር ለመንደር መዞር የጀመረው። ከመሪዎቹ አንዱ ናሮንግ ኩንቲኬዎ የተባለ የኢሳን ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ነው። እናቱም አባቱም የሞቱት በዚሁ ካንሰር ነው።

ኪኒን ውጬ ብገላገለውስ?

ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድለዋል። በጅምላ ሲታደል መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ነው። መራራ ነው፤ አፍ ውስጥ ከቆየ ያስመልሳል። የቱቦው መቆጣትም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ኪኒኑ ክትባት አይደለም። ኢሳን ውስጥ «ኪኒን አለ አይደል» ብለው ወደ ኮይ ፕላቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። አስቡት፤ በልቶ መዋጥ፣ ውጦ መብላት፣ እንደገና መዋጥ። ሀምስተሮች ላይ እንደታየው እየዳኑ እንደገና መያዝ ቱቦውን በየጊዜው እንደ አዲስ ያስቆጣዋል። ስለዚህ ኪኒኑን ዋጡ፤ ግን የመብያ ፈቃድ አታድርጉት።

እኛ አገር ያለው ቢልሃርዝያስ ካንሰር ያመጣል?

ሁለት ናቸው፣ አትቀላቅሏቸው። የሽንት ፊኛው ቢልሃርዝያ አዎ፣ ያመጣል። ግብጽ ውስጥ ለብዙ ዘመን የፊኛ ካንሰር ዋናው መነሻ እሱ ነበር፤ ሽንት ውስጥ የሚፈጠር ናይትሮዛሚንም እዚያ ስሙ ይነሳል። በኛ አገር በጥቂት ቦታዎች አለ፤ የአዋሽ ሸለቆ ቆላማው ክፍል፣ የታችኛው ዋቢ ሸበሌና የሱዳን ድንበር አካባቢ። በሰፊው የተሰራጨው ግን የአንጀትና የጉበቱ ዓይነት ነው። ጣና ዙሪያ፣ ዝዋይ፣ በየመስኖው አለ። የሚገባው ደግሞ በምግብ ሳይሆን በቆዳ ነው፤ ውሃ ውስጥ በመቆም፣ በመዋኘት፣ ልብስ በማጠብ።

የጉበቱ ቢልሃርዝያ ካንሰር ማምጣቱ አልተረጋገጠም። የሊዮኑ ኤጀንሲ ለመመደብ የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የተወው። ግን ቀላል በሽታ አይደለም። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ጠባሳ ይሠራል፣ ደም መተላለፊያ ያጣል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው አንድ ቀን ደም ያስመልሳል። ትሉ ለዓመታት ዝም ብሎ መኖር ስለሚችል እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ላይ ከአገር ከወጡ ከቆዩ በኋላም ተገኝቷል። ልጅነታችሁን ወንዝ ውስጥ ያሳለፋችሁ ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች፣ ለሐኪማችሁ ይሄን ብትነግሩት አይከፋም፤ እሱ በራሱ አያስበውም። መድኃኒቱ ያው ፕራዚኳንቴል ነው። በዚህ ነገር ስማችንን ያስጠራው አክሊሉ ለማም አይረሳ። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያሉት፣ ቢልሃርዝያን የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየ ሰው ነው።

አፍላቶክሲንም እንደዚሁ ነው የሚሠራው?

ጸባዩ ይመሳሰላል። አፍላቶክሲን ትል የለውም፤ እህልና ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ነው። የሚገጥመው ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ነው። በ1994 የታተመ የሻንሃይ ጥናት ከ18,000 በላይ ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። አፍላቶክሲን ብቻ ያገኛቸው የጉበት ካንሰር ዕድላቸው 3 እጥፍ ገደማ ከፍ አለ። ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7 እጥፍ ገደማ። ሁለቱም ያለባቸው? 60 እጥፍ ገደማ። 3 ሲደመር 7 ስንት ነው?

ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ ቀላል የማይባል ሰው ላይ አለ። የአፍላቶክሲን ነገር ደግሞ የአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ተመርምሮ ውጤቱ በ2016 ሲታተም 110ሩም ናሙና ውስጥ ተገኝቷል፤ መጠኑ ይለያይ እንጂ። ዋናው ተጠርጣሪ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተት አትጠጡ ለማለት አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን ካልወሰዳችሁ ውሰዱ፤ ከሁለቱ አንዱን ከመንገድ ማስወጣት ማለት ነው።

ትል ሳይኖር ኬሚካል ብቻውን የሐሞት ቱቦ ካንሰር አምጥቶ ያውቃል?

አዎ። ኦሳካ፣ ጃፓን፣ አንድ ማተሚያ ቤት። ሠራተኞቹ ከማሽኑ ላይ ቀለም የሚጠርጉበት ፈሳሽ ዳይክሎሮፕሮፔን ነበረበት፤ ክፍሉ አየር አልነበረውም፣ ጨርቁን እየነከሩ ቀኑን ሙሉ ይጠርጋሉ። 17 ሠራተኞች በሐሞት ቱቦ ካንሰር እንደተያዙ ተቆጥሯል። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። በ2014 ያ የሊዮን ኤጀንሲ ኬሚካሉን አንደኛው ምድብ አስገባው።

ስለዚህ መጠኑ ከበዛ ኬሚካል ትል አይጠብቅም። የኢሳን ገበሬ የሚያገኘው ግን ያን ያህል አይደለም፤ ለዚህ ነው እዚያ ትሉን ማንሳት ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው።

ሀምስተር ላይ የታየ ነገር ለሰው እንዴት ይሆናል? ተሳስተው ቢሆንስ?

መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በዚሁ ጉዳይ የታወቀ ስህተት አለ። ዮሃንስ ፊቢገር የተባለ ዴንማርካዊ ትል አይጥ ላይ የጨጓራ ካንሰር ያመጣል ብሎ የ1926ን የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ኋላ ሲጣራ የአይጦቹ ዋና ችግር የቫይታሚን ኤ እጥረት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘመን፣ በ1915፣ ጃፓናዊው ካትሱሳቡሮ ያማጊዋ ከኢቺካዋ ጋር ሆኖ የጥንቸል ጆሮ ላይ ሬንጅ ደጋግሞ እየቀባ ካንሰር አምጥቶ ነበር። እሱ ትክክል ነበር፣ ሽልማቱን ግን አላገኘም። ከዚያ በኋላ ትልና ካንሰር የሚሉ ቃላት አብረው ሲነሱ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ማኮሳተራቸው አይገርምም።

የኦፒስቶርኪስ ነገር የሚለየው ሀምስተር ላይ አለመቆሙ ነው። ናኮን ፋኖም በተባለች የታይላንድ ክፍለ ሀገር በሽተኞችን ከጤነኞች ጋር አወዳድሮ በ1991 የታተመ ጥናት የትሉ ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ለካንሰሩ 5 እጥፍ ገደማ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ትሉ የሚበዛበት ቦታ ካንሰሩም ይበዛል። ሀምስተሩ የሚነግረን እንዴት እንደሚሆን ነው፤ መሆኑን የሚነግረን የሰው ቆጠራ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ ሀምስተሯ በወራት ያወጣችውን ሰው ለማውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ትሉ ካለባቸው ሰዎችም ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ለምን እነሱን? ዘር፣ የትል ብዛት፣ ስንቴ እንደተያዙ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ።

ታይላንድ ትሉን ስትቀንስ ካንሰሩ ለምን አብሮ አልጠፋም?

ኮን ኬን ውስጥ ላዋ የሚባል ሐይቅ አለ። ዙሪያው ባሉ መንደሮች ከግማሽ በላይ ሰው ትሉ ነበረበት። እነ ባንቾብ ስሪፓ ኪኒን አድለው ብቻ አልሄዱም። የመንደር ጤና በጎ ፈቃደኞችን ቤት ለቤት ላኩ፣ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ድመትና ውሻ አከሙ፣ አሳውንና ቀንድ አውጣውን እየያዙ መረመሩ። ከዓመታት በኋላ ትሉ ያለበት ሰው ከ10 በመቶ በታች ወረደ። አሳዎቹ ውስጥም ጠፋ ማለት ይቻላል።

ካንሰሩ ግን ቀጠሮውን የያዘው ቀድሞ ነው። ትሉ ገብቶ ካንሰሩ እስኪወጣ 30፣ 40 ዓመት ይሄዳል። ዛሬ 60 ዓመት ሞልቷቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ኮን ኬን ሆስፒታል ወረፋ የያዙት ሰዎች አሳውን የበሉት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ወጣት ሆነው፣ ማሳ ዳር ተቀምጠው ነው።